በፀሐዩ ፀ የተጻፈ ማመልከቻ

ጠጅቱን የማያውቅ የልደታ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ከሶም ተከሶም አያውቅም ማለት ነው፤ ዕድሉን ያመስግን። ከፍርድ ቤቱ አጥር ባሻገር ሸራ ወጥራ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የቆመ ጠረጴዛ ዘርግታ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ የከዳት፣ ወንድሙ የቀማው፣ አሠሪው ያባረረው፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያለቅሰው እሷ ፊት ነው። እሷም «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለች ትሰማና ያንን ሁሉ ልቅሶ ዳኛ ሊያነበው በሚችል ሁለት ገጽ ታሳጥረዋለች። ኮምፒውተር ቤቱ ግራና ቀኝ እንደ አሸን ቢፈላም «የጠጅቱ እጅ ይሻለኛል» የሚል ባለጉዳይ አልጠፋም።

ከራሷ በላይ «ማመልከቻ ፀሐፊ ጠጅቱ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ራሷ በቀይ ቀለም የጻፈችው ነው፤ ትኮራበታለች። በአማርኛ የመጣባትን ደግሞ አትምርም። አንድ ወጣት ጠበቃ የገደፈውን ፊደል በሰው ፊት አርማበት ልጁ እስከ ዛሬ በሌላ በር ነው የሚገባው።

ሕጓ አንድ ናት፦ ማስረጃ ሳታይ አትጽፍም። «አፍህን ሰማሁ፣ አሁን ወረቀትህን አሳየኝ» ትላለች። ውል የሌለው፣ መታወቂያ ያልያዘ፣ ደረሰኝ የጠፋበት፣ እግሯ ላይ ቢወድቅ ብዕር አታነሳም። ይህችን ሕግ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የጣሰችው፤ የምነግራችሁም የዚያችን አንዴ ታሪክ ነው።

ጠጅቱ የምትኖረው እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከስድስት ወር በፊት ከደጇ ፊት ለፊት ያለው አሥራ ሰባት ቁጥር አዲስ ተከራይ ገባበት። ረጅም ሰውዬ፣ ረጅም ሚስት፣ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ። መልካቸው ጥቁር ነው፤ እኛ «ጠይም» እያልን የምንሸነጋገልበት ዓይነት ሳይሆን ጥርት ያለ ጥቁር። ፍራሻቸው ገና ደረጃው ላይ ሳለ ብሎኩ ፍርዱን ሰጠ፤ የውጭ ዜጎች ናቸው ተባለ። ማን አለ ብትሉ፣ ሁሉም አለ። ገሚሱ ደቡብ ሱዳን፣ ገሚሱ ናይጄሪያ ሲል፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ወይንሀረግ ኮንጎ ናቸው ብላ ደመደመች። ወይንሀረግ የማታውቀው ነገር የለም። ሰዎቹን ራሳቸውን የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ጠጅቱ ግን ደስ አላት። በወጣትነቷ ማታ ማታ የተማረችው እንግሊዝኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አጥቶ ተቀምጦ ነበርና ደረጃው ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር ታወጣው ጀመር። «ጉድ ሞርኒንግ! ዎተር ኖ! ዎተር ቱሞሮ!» ትላለች፣ ባዶ ጀሪካኗን እያሳየች። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ «ታንክ ዩ ማዳም» ይላል። ሚስትየው ፈገግ ትላለች። ልጅቷ ግን ከንፈሯን ጭምቅ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች። በስድስት ወር ውስጥ ቃል ሲወጣት የሰማ የለም፤ ስለዚህም ዱዳ ተባለች። «ምስኪን፣ ዱዳ እኮ ናት» ይሏታል፣ እዚያው ፊቷ ቆመው።

ብሎኩ እየዋለ እያደረ ሌላ ሌላም አገኘባቸው። አሥራ ሰባት ቁጥር የደረቀ ዓሣ ይቀቅላል። እሑድ ከሰዓት እንደነሱ የረዘሙ እንግዶች ይመጡና ይዘምራሉ። ሰውዬው ቦርሳ ይዞ ይወጣል፣ ቦርሳ ይዞ ይገባል፤ እንግዲህ ቦርሳው ውስጥ ወረቀት ወደ ዶላር የሚቀይር መድኃኒት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንድ ቀን ወይንሀረግና ጠጅቱ ደረጃው ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰውዬው ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ መጣና እስኪያሳልፉት ቆመ። ወይንሀረግ ዞር ሳትል አንድ ቃል ተናገረች። ቃሉን እኔ አልደግመውም፤ አያቶቻችን ሰው ሲሸጡ የሚጠሩበት ቃል ነው፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠጅቱ አልተናገረችም። ግን ሳቀች። ሰውዬው «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብሎ አለፈ።

በማግሥቱ ወይንሀረግ ማመልከቻ ይጻፍልን አለች። ለአከራዩ፣ ግልባጭ ለብሎኩ ኮሚቴ። ጠጅቱም ጻፈች። መታወቂያቸውን አይታለች? አላየችም። ውላቸውን ጠይቃለች? አልጠየቀችም። ምን ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ፊታቸው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? «ማንነታቸውና የአገባባቸው ሁኔታ የማይታወቅ የውጭ ዜጎች የነዋሪውን ሰላምና ደኅንነት ስጋት ላይ ጥለዋል» ብላ ጀመረች፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ ብዕሯን የሚያቆመው የለም። ሠላሳ ስምንት አባወራ ፈረመ። አከራዩ አያት ሠፈር የሚኖር ሰው ነው፤ ኪራዩን እንጂ ጭቅጭቁን አይፈልግም። ኮሚቴው እሑድ ከወሰነ በወሩ መጨረሻ ይወጣሉ ብሎ ተገላገለ።

ሐሙስ ጠዋት ጠጅቱ የአንዲት ሴት የቀለብ አቤቱታ ጨርሳ ቀና ስትል፣ ያ ሰውዬ ከፊቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ደነገጠች፣ ግን የለመደ አፍ ቀደማት።

«ኦ፣ ጉድ ሞርኒንግ! ፕሮብሌም?»

ሰውዬው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አከራዩ የሰጠው የሷው ማመልከቻ ቅጂ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ጠጅቱ» አለ። «የዚህን መልስ እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት።»

አማርኛው ጥርት ያለ ነው፤ ሬድዮ ላይ ዜና የሚያነብ ሰው ይመስላል። በአንድ አፍታ ስድስት ወር ሙሉ ደረጃው ላይ የተባለው ሁሉ ተመልሶ መጣባት፤ ዓሣው፣ ዶላሩ፣ ዱዳዋ፣ ያ ቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሷ ሳቅ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አማርኛ ትችላለህ እንዴ፣ ማለት ብቻ ነው የቻለችው።

አስተምረዋለሁ አላት። ስሙ ኡጁሉ ጊሎ ነው፤ ጋምቤላ ከተማ ተወልዶ፣ እዚያው ዘጠኝ ዓመት አማርኛ አስተምሯል። አሁን ሁለተኛ ዲግሪውን ሊሠራ መጥቷል፤ ትምህርቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው እሱም አማርኛ ነው። ቦርሳው ውስጥ ያለው የሰዋስው መጽሐፍ ነው። ሚስቱ አሪየት ነርስ ናት። ልጃቸው አኬሎ የልብ ሕመም ክትትል ስላላት፣ ሐኪሙ ከምትታከምበት ሆስፒታል አትራቁ ብሎ አስጠንቅቋቸዋል፤ ድንገት ቢያማት በአሥር ደቂቃ መድረስ አለባቸው። ልደታን የሙጥኝ ያሉት ለዚህ ነው። ከዚህ ከወጡ በዚህ ቅርበት ሌላ ቤት አያገኙም።

ለምን አያገኙም? ጠጅቱ ይህንንም ጠየቀች፤ ባትጠይቅ ይሻላት ነበር። ከመግባታቸው በፊት አራት ወር ፈልገዋል። ስልክ ሲደውል አማርኛውን ሰምተው «ቤቱ አለ፣ ና እይ» ይሉታል፤ በር ላይ ፊቱን ሲያዩት «አሁን ተያዘ» ይሉታል። ሜክሲኮ አካባቢ ብቻ ሰባት ቤት እንዲህ ተይዞበታል። በመጨረሻ አንድ ደላላ አዘነለትና ምክር ሰጠው፦ ወንድሜ፣ አማርኛህን ደብቀው፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ጥቁር ዲፕሎማት ነው ተብሎ ይከበራል፣ አማርኛ የሚናገር ጥቁር ግን ምን እንደሚባል አንተም ታውቃለህ። ኡጁሉም ደበቀው። አከራዩ ውል ሲፈርሙ መታወቂያውን አይቶ እንዳላየ ሆኗል። ያስቸገረቻቸው አኬሎ ነበረች። አዲስ አበባ በገባች በወሩ አማርኛዋ የሠፈር ልጅ አማርኛ ሆኖ አረፈው፤ አፏን ከከፈተች ታጋልጣቸዋለች። ስለዚህ ደረጃው ላይ ዝም እንድትል አስተማሯት። ቤት ገብታ በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው የምትናገረው።

ጠጅቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ፊቷ ሲያለቅስ ጸንታ የምትቀመጠው ሴት፣ ባለጉዳዮቿ እያዩዋት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ይቅርታ ልትል ጀመረች። ኡጁሉ ግን ፊቱ አልላላም።

«እትዬ ጠጅቱ፣ እንባ አይደለም የጠየቅኩዎት» አለ። «መልስ ነው። እሑድ ነው ቀነ ቀጠሮው።»

ልክ ነበር። ጠጅቱ አፍንጫዋን ጠረገችና ብዕሯን አነሳች። ግን አንድ ነገር አልዋጥ አላት። ማመልከቻው ላይ ስሟ የለም፣ የሠላሳ ስምንት ሰው ፊርማ ነው ያለበት። የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ማን ነገረህ አለችው።

ኡጁሉ በጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ሰሌዳው አሳየ። ጸሐፊ የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው አላት፣ አስተማሪ ለተማሪ እንደሚናገረው ቀስ ብሎ። እርስዎ በፀሐዩ ፀ ነው የጻፉት። ማመልከቻው ላይም «ለብሎኩ ኮሚቴ ፀሐፊ» የሚለው በፀሐዩ ነው፤ የፊደሉም አጣጣል አንድ ነው።

እንግዲህ የሰው ልጅ ጉድ ነው። በኃፍረት የተቃጠለችው ጠጅቱ ይህችን ስትሰማ እንደገና ተቃጠለች፣ አሁን በንዴት። አይደለም ልትል አፏን ከፍታ በልቧ ቃሉን ወደ ግዕዙ መለሰችው፣ መላልሳም አየችው። ልክ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀይ ቀለም፣ የጠበቃና የዳኛ መተላለፊያ ላይ።

«ሌላ ጸሐፊ ጋ መሄድ እችል ነበር» አለ ኡጁሉ፣ አሁን ከንፈሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈገግታ እየታየ። «ግን እንዲህ የሚጽፍ አጣሁ። ሳነበው እኔም ልፈርም ምንም አልቀረኝም።»

ጠጅቱ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ከዚያ ከስድስት ወር በፊት መጠየቅ የነበረባትን ጠየቀች፦ ወረቀትህን አሳየኝ። እሱም አንድ ባንድ ደረደረው። የቀበሌ መታወቂያ፣ የመምህርነት የምስክር ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የልጅቷ የሆስፒታል ካርድ። አዲስ ወረቀት ዘረጋችና ስሙን፣ አድራሻውን ጻፈች። ቀጥሎ «ዜግነት» የሚለው ላይ ደረሰች። ይህችን መስመር በሕይወቷ ስንት ሺህ ጊዜ ሞልታለች፣ አንድም ቀን ሰው ጠይቃበት አታውቅም። ዛሬ እጇ ትንሽ ቆመ። «ኢትዮጵያዊ» ብላ ጻፈች፣ ከሌላው ፊደል ትንሽ አተልቃ።

እሑድ ከሰዓት ነዋሪው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ጠጅቱ ጠዋት ልደታ ማርያም ሄዳ ቆማ ነበር፤ ምን እንደጸለየች ባታስታውስም ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆማለች። ፈርታ ነበር። ሠላሳ ስምንት ሰው የፈረመበትን የምታፈርሰው እሷ ናት፤ ነገ ደግሞ ከነዚሁ ሰዎች ጋር ነው ውሃ የምትጠብቀው። የበለጠ የፈራችው ግን ያቺን የሆስፒታል ካርድ ነበር፤ ኮሚቴው ይውጡ ካለ ልጅቷ ከሆስፒታሏ ትርቃለች። ኡጁሉና አሪየት ልጃቸውን መሐል አድርገው ከኋላ ተቀምጠዋል። አኬሎ እንደ ልማዷ ከንፈሯን ጨምቃለች።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ፍሰሐ ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ ወረቀት ሲያነቡ ይጣፍጣቸዋል። መጀመሪያ ማመልከቻውን አነበቡ፣ ሕዝቡም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መልሱን ጀመሩ። ዜግነት ላይ ሲደርሱ ጉምጉምታ ተነሳ። «ዘጠኝ ዓመት የአማርኛ ቋንቋ መምህር» የሚለው ጋ ሲደርሱ ሁሉም ደረጃ ላይ የተናገረውን በልቡ እየቆጠረ መሆኑ ፊቱ ላይ ይታያል። አቶ ፍሰሐ ግን ሌላ ነገር አይተዋል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዙና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«ጠጅቱ፣ ይሄ እጅ ያንቺ አይደለም? ሁለቱም?»

ጠጅቱ ተነሳች። ብዙ ልትል አስባ ነበር፣ ቃል ከሷ በላይ ማን ያውቃል፤ ያ ሁሉ ጠፋባት።

«ሁለቱም የኔ ናቸው» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ማስረጃ ሳላይ ጽፌ አላውቅም። የመጀመሪያውን ግን ቆዳ አይቼ ነው የጻፍኩት። ሁለተኛውን መታወቂያ አይቼ። የትኛው እንደሚያሳፍረኝ ሳልናገር ታውቁታላችሁ።»

ከዚያ በኋላ ሁካታ ሆነ። አንዱ ታዲያ ለምን አማርኛ ደበቀን ይላል፣ ሌላው ይህን ያህል ጊዜ እየሰማ ሲንቀን ነበር ይላል፣ ተሳዳቢው እሱ ራሱ መሆኑን ረስቶ። ዝም ያሰኛቸው ከታች ሱቅ ያለው አብዱልሃኪም ነበር። አብዱልሃኪም የሥልጤ ሰው ነው፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ኡጁሉ አማርኛ እንደሚናገር እኔ ከመጀመሪያው ሳምንት አውቃለሁ አለ፤ ማታ ማታ ሱቁ ባዶ ሲሆን እየመጣ ያጫውተኛል፣ አትናገርብኝ ስላለኝ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ደግ ነበር፣ ግን ይህ ማመልከቻ ሲመጣ ደንበኛ እንዳይቀርብኝ ብዬ እያወቅኩ ፈረምኩ። እኔ እዚህ ብሎክ ስገባም የዛሬ ስምንት ዓመት ስለ ሥጋዬና ስለ ሶላቴ የተባለውን አልረሳሁም፣ እንደ ረሳ ሰው ሆኜ ግን ፈረምኩ። ይህን ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ብዕር ተቀበለና ስሙን ሰረዘ።

ከሱ ኋላ አንድ ሰው ተነሳ፣ ከዚያ ሌላ። አቶ ፍሰሐ ብዕሩን እያቀበሉ ቆሙ፤ የራሳቸውንም ሰረዙ። ሁሉም አልሰረዘም፤ ሁለት ሰዎች እያጉረመረሙ ወደ ቤታቸው ገቡ፣ እነሱን ለእግዜር ትተናል። ወይንሀረግ የመጨረሻዋ ነበረች። ወደ ጠረጴዛው ስትሄድ ጠጅቱ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች።

«ጠጄ፣ ያን ቀን ደረጃ ላይ ያልኩትን ሰምቷል?»

«ሰምቷል። የኔንም ሳቅ ሰምቷል።»

ወይንሀረግ ፊቷ አመድ መሰለ። ስሟን ሰርዛ ብዕሩን አላስቀመጠችም፤ እንደያዘችው ወደ ኋላ፣ ኡጁሉና አሪየት ወዳሉበት ሄደች። ምን እንዳለች አልተሰማም። አሪየት አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገችላት። ይቅር አለቻት ማለት አይደለም፤ ቁጭ በይ ማለት ነው። ወይንሀረግም ቁጭ አለች። አቶ ፍሰሐ ማመልከቻው ውድቅ ነው፣ ተከራዮቹ ባሉበት ይቀጥላሉ ብለው ቃለ ጉባኤ አጻፉ። ኡጁሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ሲወርድ ጠጅቱ አየች። እፎይ ብላ እዚያው ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

ሰኞ ጠዋት ጠጅቱ በብብቷ ቀይ ቀለም የያዘ ቆርቆሮ፣ በእጇ ብሩሽ ይዛ ወጣች። ያችን ፀ ሕዝበ ልደታ ሳይነቃ ልታስተካክላት ነው። ደጇን ዘግታ ስትዞር አኬሎ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ እንደተጨመቀ ነው። የአሥራ ሰባት ቁጥር በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። አሪየት ከውስጥ ብቅ አለችና ልጇን አይታ ራሷን በመነቅነቅ እሺ አለቻት።

«እማማ ጠጅቱ» አለች አኬሎ፣ «እርስዎ ለምንድነው ሁልጊዜ ዎተር ቱሞሮ፣ ዎተር ቱሞሮ የሚሉት? ዛሬ እኮ መጥቷል።»

ጠጅቱ ግድግዳውን ደገፈች። ልጅቷ ግን መልስ አልጠበቀችም። ያ ነጭ ድመት የማን ነው? አራተኛ ፎቅ ያለው ጋሼ ለምን ያነክሳል? የወይንሀረግ ጸጉር የውነት ነው? ዱዳ ማለት ምን ማለት ነው፣ ስሜ መስሏቸው ነው? ስድስት ወር ሙሉ የተጠራቀመው ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ እየወረደ ደረጃውን ሞላው፣ በየፎቁ በር ሲከፈት ይሰማል።

ጠጅቱ ቀለሙን መሬት አስቀመጠች። ፀሐዩ ፀ ሃያ ሁለት ዓመት ታግሷል፣ አንድ ጠዋት ቢጨመርበት አይሞትም። ከአኬሎ አጠገብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ከድመቱ ጀምራ አንድ ባንድ ትመልስላት ጀመር።